ኮቴ የሌለው ጫማ

ሟቹ ጫማ ሠሪ ነበሩ። ወድቀው የተገኙትም ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫማ በሠሩበት ክፍል ውስጥ ነው። አናታቸውን የፈነከታቸው ተረከዝ ሲቀጠቅጡበት የኖሩት ባለ ሦስት እግር ብረት ነበር። ብረቱ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ጉቶ ላይ እንደተተከለ ነው፤ አንደኛው እግሩ ደም ነክቶታል። ከጎናቸው አንድ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ እንደተጠቀለለ ወድቋል። ውጭ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር።

"ገፍተዋቸዋል፣ ኢንስፔክተር" አለኝ ሳጅኑ። የኔ ሳጅን ጎበዝ ሰው ነው፤ አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ ሬሳ ባየ ቁጥር ገዳዩም አብሮ ይታየዋል።

"ከደረጃው ወድቀው ቢሆንስ?"

"ከደረጃ የወደቀ ሰው ግርጌው ላይ ነው የሚገኘው። እሳቸው ያሉት ከጎኑ ነው።"

እውነቱን ነው። ደረጃው ከላይኛው መኖሪያ ወደዚህ ሱቅ የሚወርድ የእንጨት ደረጃ ነው። በአንድ በኩል ግድግዳ አለው፤ ግድግዳው ላይ የእጅ መደገፊያ ተመቶበታል። በሌላው በኩል ግን ባዶ ነው፤ አናጢው "ነገ እጨርሰዋለሁ" ብሎ ሄዶ የቀረ ይመስላል። ሽማግሌው የወደቁት በባዶው በኩል ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ማየት የማይችል ሰው ደግሞ መደገፊያውን ትቶ በገደሉ በኩል አይወርድም። ለሳጅኑ የገፋቸው ሰው ታየው፤ ለእኔም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገውና፣ ታየኝ።

ደረጃውን ወጣሁ። የታችኞቹ እርከኖች ጩኸት ሰምተው በመጡ ጎረቤቶች እግር ተረጋግጠው ምንም አይታይባቸውም። መሀል ላይ ስደርስ ግን፣ በግድግዳው በኩል፣ ጥርት ያለ የጭቃ ዱካ አገኘሁ። የጎማ ሶል ነው፤ እንደ ሞገድ የተጠማዘዘ መስመር አለው። ያረፉት የሁለት እግር ጣቶች ብቻ ናቸው፣ ተረከዝ የላቸውም፤ ፊታቸው ወደ ላይ ነው። አልተንሸራተቱም፣ አልተደራረቡም። ሰውዬው እዚህ ቦታ እየሄደ አልነበረም፤ በጣቱ ቆሞ ነበር።

የሟቹ ልጅ ላይኛው ክፍል፣ ልብስ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ወደ አርባ የሚጠጋት፣ ቀጭን፣ ልብስ ሰፊ ናት። አባቷን የምትጦረው እሷ ናት። ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላለች፤ እግሯ ላይ ታኮው ብረት የተመታበት የቆዳ ጫማ አለ።

"እዚህ ቤት የጎማ ጫማ የሚያደርግ ማን ነው?" አልኳት።

"ማንም። እዚህ ቤት የጎማ ጫማ አይገባም። አባዬ አይወድም።"

"ለምን?"

"'የሌባ ጫማ ነው' ይላል። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ታኮአችን ላይ ብረት መታበት፤ የኔ ሁለት ነው፣ የወንድሜ አንድ ነበር። በኮቴያችን ነው የሚያየን። ኮሽ ካለ 'ማነህ?' ይላል። መኪናው ጸጥ ካለ 'ልጄ፣ የት ሄድሽ?' ይላል።" ድምፅዋ ቀጠነ። "ይል ነበር።"

ሳላስበው የራሴን ጫማ ወንበሩ ሥር ደበቅሁት። እኔም የሌባ ጫማ ነበር ያደረግሁት። የአውራ ጣቴ አጥንት ወደ ጎን ከወጣ ወዲህ የቆዳ ቦት ጫማ አልችልም፤ ለአለቃዬ አመልክቼ ወፍራም የጎማ ሶል ያለው ጥቁር ጫማ አደርጋለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም። ነርሷ በሽተኛ እንዳትቀሰቅስ የጎማ ጫማ ታደርጋለች። አስተናጋጁ እንዳያዳልጠው፣ አስተማሪዋ ቆማ ስለምትውል፣ ሌባውም ለሚያውቀው ምክንያት ያደርጋሉ። ከተማው በሙሉ ኮቴውን አጥፍቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የጎማ ዱካ ይዞ ሰው መፈለግ አፍንጫ ያለውን ሰው እንደመፈለግ ነው። በዚህ ቤት ብቻ ነበር የጎማ ዱካ ምን ፈልጎ መጣ የሚያሰኝ።

"ምን ሆነ ታዲያ? ከሥሩ ንገሪኝ።"

"ቁልፍ በእጄ እየተከልኩ ነበር። ታች የሆነ ነገር ድም ሲል ሰማሁ፤ በር የተዘጋ መሰለኝ። እየሮጥኩ ወረድኩ። ከዚያ... አየሁት። ጮህኩ። ወደ ጎረቤታችን ሮጥኩ።"

"ወንድምሽስ?"

"እዚህ አይመጣም። አባዬ አባርሮታል።"

"ምን አጥፍቶ?"

"የጎማ ጫማ ፋብሪካ ተቀጥሮ።"

ሳጅኑ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል እግሩን ረገጥኩት። የጎማ ጫማ ለዚህም ያገለግላል፤ ድምፅ የለውም።

*

ጎረቤትየው ከባቡር ጣቢያ ጡረታ የወጡ ትኬት ሻጭ ናቸው፤ ሰፈሩ "ጋሽ ትኬት" ይላቸዋል። ከሟቹ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ፤ በረንዳቸውም እጅ ለእጅ ያገናኛል። ከሰዓት በኋላ ዳማ ሲጫወቱ የሚውሉ ወዳጆች ነበሩ። ሽማግሌው ጠጠሮቹን በጣታቸው እየዳሰሱ ይጫወቱና፣ እንደ ጋሽ ትኬት አባባል፣ "ዓይን ካለው ሰው በላይ ያጭበረብሩ" ነበር።

"ግድግዳው ስስ ነው?" አልኳቸው።

"ስስ ብቻ ትያለሽ፣ ልጄ? ሲያስነጥስ 'ይማርህ' የምለው እኔ ነኝ።"

"ዛሬስ ምን ሰሙ?"

ዓይናቸውን ወደ ሬዲዮአቸው ላኩ። "መኪናዋ ስትሰፋ ሰማሁ። ከዚያ ቆመች። ከዝናቡ በፊት ነው። ከዚያ... የልጅቱን ጩኸት ሰማሁ። በሩን ስከፍት ባዶ እግሯን፣ በዝናብ ርሳ ቆማለች።"

"መኪናዋ ስትቆም አባቷ አልተጣሩም?"

"አልተጣራም" አሉ ቶሎ ብለው።

"ሁልጊዜ ይጣራሉ ተብያለሁ።"

"ዛሬ አልተጣራም።"

"ሌላ ያዩት ሰው አለ?"

እጃቸውን አፋተጉ። "የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ጠዋት በግቢው ሲያልፍ አይቻለሁ። ከሰዓት ደግሞ... ልጁን አይቼዋለሁ። ወንዱን። በሩ ጋ ቆሞ ነበር።"

ያን ጊዜ ነገሩ የተፈታልኝ መሰለኝ። ዕድሜ ልካቸውን መኪናው በቆመ ቁጥር የተጣሩ ሰው ዛሬ ካልተጣሩ፣ መኪናው ሲቆም ሞተዋል ማለት ነው። ልጅቱ የሰማችው ድምታ ገዳዩ ሲወጣ የዘጋው በር ነው። በዚያው ሰዓት በሩ ጋ የታየው ደግሞ የጎማ ጫማ ሠሪው ልጅ ነው። ዝምታን ያነበብኩ መስሎኝ ኮራሁ። ሰው የማይችለውን ቋንቋ አነባለሁ ሲል እንዲህ ነው።

*

ሳጅኑ በቆጣሪ አንባቢው እንጀምር አለ። መሥሪያ ቤቱ ሄደን ስሙን ስንጠራ ሰውዬው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"አጥፍቻለሁ" አለ ገና ሳንቀመጥ።

ሳጅኑ ብዕሩን መዘዘ። "ምን አድርገህ?"

"ቆጣሪውን ዝቅ ብዬ አላየሁትም። ወገቤን ያመኛል። ካለፈው ወር ላይ ትንሽ ጨምሬ ጻፍኩ። የዚያ መንገድ ቤቶችን ሁሉ እንደዚያ ነው የማደርገው።"

ፖሊስ በር ሲያንኳኳ ንጹሕ የሚባል ሰው የለም፤ ሁሉም የየራሱን ይዞ ነው የሚከፍተው። ጫማውን አውልቆ እንዲያሳየን ጠየቅነው። ጎማ ነው፣ ግን ተበልቶ ተበልቶ ሰሃን ላይ የከረመ ሳሙና መስሏል፤ እንኳን ሞገድ፣ መስመር የለውም። "ለዛሬ ዝቅ ብለህ አንብብ" ብዬው ወጣሁ።

*

የጎማ ጫማ ፋብሪካው ከሩቅ ይሸታል። ውስጡ ሙቀት ነው፤ መጫኛ ማሽኖቹ በረድፍ ቆመው ጥቁር ጎማ ይውጡና ሶል ይተፋሉ። የሟቹ ልጅ አንደኛው ማሽን ላይ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ በጎማ የጠቆረ ጎልማሳ። አባቱ መሞታቸውን ስነግረው ማሽኑን አጥፍቶ፣ ገና ካልቀዘቀዘ የሶል ክምር ላይ ተቀመጠ።

"እህቴስ?" አለ መጀመሪያ።

"ደህና ናት። ዛሬ እዚያ ነበርክ?"

"በሩ ጋ ነበርኩ።"

"ገባህ?"

በጎማ የጠቆረ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

የሣልኩትን የሞገድ መስመር አሳየሁት። ብዙ ሳያይ አወቀው። ከክምሩ ውስጥ አንድ ሶል አንሥቶ ሰጠኝ፤ ሞገዱ አንድ ነው።

"የኔ ጫማ ነው" አለ።

"በዚህ ሶል ከተማው ግማሹ ይሄዳል። የኔ ስትል ምን ማለትህ ነው?"

"የኔ ነው አልኩ። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።"

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እስር ቤት ግን ይገባል። ወሰድነው። መኪናው ውስጥ ሲያለቅስ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳጅኑ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር። እኔም አየሁ።

*

በማግሥቱ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ጃንጥላ አየሁት። ደም የለበትም፤ አልተመቱበትም። ደረቅ ነው፤ ዝናብም አልነካውም። ማየት የማይችሉ፣ ከቤት ከወጡ ዘመን ያስቆጠሩ ሰው ጃንጥላ ምን ያደርግላቸዋል?

"ዱላ አድርገውት ይሆናል" አለ ሳጅኑ።

"ዱላቸው አልጋቸው አጠገብ ነው። ደግሞ ያንን ጎልማሳ እየው። ያ ሰውነት በጣቱ የሚቆም ይመስልሃል? የሚገፋ ሰው በሙሉ እግሩ ነው የሚቆመው።"

ሳጅኑ ራሱን አከከ። በዚህ መሀል ጋሽ ትኬት ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቢሮዬ ገቡ። ሌሊቱን እንዳልተኙ ፊታቸው ይናገራል።

"ልጁን አስራችሁታል አሉ።"

"ታስሯል፣ ጋሼ።"

"ትናንት አንድ ነገር ዘልያለሁ።" ወንበር ስሰጣቸው አልተቀመጡም። "ሲወድቅ ሰምቻለሁ። እንደ ጆንያ ድም ሲል ግድግዳዬ ተንቀጠቀጠ። ጩኸቱ ጥቂት ቆይቶ መጣ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አልተነሣሁማ። ሰምቼ አልተነሣሁም። ኳስ በሬዲዮ እሰማ ነበር፤ አስተላላፊው ግብ ሊገባ ነው እያለ ይጮሃል። 'ቆይ፣ ይህቺን ልስማና' አልኩ።" ኮፍያው ቆመ። "ግቡም አልገባም።"

ከልቤ አዘንኩላቸው። ግን ሥራዬ ሌላ ነው። "ከድምታውና ከጩኸቱ መሀል ሌላ ምን ሰሙ?"

"ምንም።"

"ልጅቱ እየሮጠች ደረጃውን ስትወርድስ?"

የዚያችን ልጅ ኮቴ በየቀኑ በግድግዳቸው የሰሙ ሰው ናቸው፤ ምን እንደጠየቅኳቸው ገባቸው።

"የብረት ኮቴ አልነበረም" አሉ ቀስ ብለው። "ልጄ፣ ምን ልታደርጊ ነው?" አሉኝ።

*

ሳጅኑን ጋሽ ትኬት ቤት ግድግዳው ሥር አስቀመጥኩት። እኔ በጎማ ጫማዬ ደረጃውን ሮጬ ወረድኩ፤ ምን ሰማህ ስለው "ጀመሩ እንዴ?" አለኝ በግድግዳው በኩል።

ከዚያ ወደ ልጅቱ ሄድኩ።

"እንደዚያን ዕለት እየሮጥሽ ውረጂልኝ፣ እህቴ።"

ወረደች። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ግርጌው ጋ ስትደርስ ሳጅኑ ሳልጠይቀው "ይሄንስ ደንቆሮም ይሰማዋል" ብሎ ጮኸ። እሷም ሰማችው። እግሯ መጨረሻው እርከን ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

"አባትሽ ወደቁ፣ ከዚያ አንቺ ጮህሽ። መሀል ላይ ኮቴ የለም" አልኳት። "አንቺ እየሮጥሽ አልወረድሽም። እዚያው ነበርሽ።"

የእጅ መደገፊያውን ያዘች።

"ወንድምሽ 'ጫማው የኔ ነው' ብሏል። ከዚያ ወዲያ አፉን አልከፈተም። ዝም ብትዪ እኔ የያዝኩትን ይዤ እሄዳለሁ፤ የያዝኩት ደግሞ እሱን ነው።"

እዚያው እርከን ላይ ተቀመጠች። ብረት የተመታባቸውን ጫማዎች አንድ በአንድ አውልቃ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ከዚያ ባዶ እግሯን ወደ ላይ ወጥታ፣ ከስፌት መኪናው ሽፋን ሥር አንድ ጥንድ የሸራ ጫማ ይዛ ተመለሰች። ሶሉ ላይ ጭቃው ደርቋል፤ ሞገዱ ያው ነው።

"እሱ ነው የሠራልኝ" አለች። "እሱ ወደ ቤት መምጣት አይችልም። እኔ ደግሞ መውጣት አልችልም፤ እንኳን በር ስከፍት፣ ከወንበር ስነሣ አባዬ ይሰማል። ይቺን ጫማ አምጥቶ በአጥር ሰጠኝ። በሳምንት አንድ ቀን፣ መኪናውን አቆምና ኮቴዬን አጥፍቼ እወጣለሁ። አብረን ሰፈሩን እንዞራለን። ሌላ ምንም አናደርግም፤ እናወራለን። በሳምንት አንዴ ሰው ሳይጠራኝ..." አቋረጠችው። "እንዲህ ማለት ያሳፍራል። አባቴ እኮ ነው።"

"ያን ዕለትስ?"

"ዝናብ ያዘን። ሮጬ ተመለስኩ። ደረጃውን እየወጣሁ መሀል ስደርስ አባዬ ከላይ ብቅ አለ። መደገፊያውን ይዞ ይወርዳል፤ በሌላ እጁ ረጅም ነገር ይዟል። ዱላ መሰለኝ። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ተረከዜን ሁሉ አነሣሁ። እኔ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።"

"ምን አሉ?"

"ምንም። ማነህ እንኳ አላለም። በአፍንጫው ረጅም አየር ሳበ። ከዚያ መደገፊያውን ለቀቀ። ወደ ባዶው በኩል ፈቀቅ አለ።" እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ቃሉ ግን በጣቶቿ መሀል ወጣ። "ሌባ መስዬው ሊሸሸኝ ነው። በገዛ ቤቱ ፈርቶኝ። እግሩ ጠርዙ ላይ ሲደርስ አይቻለሁ፣ ኢንስፔክተር። 'አባዬ' የሚለው ቃል እዚህ ነበር፣ ጉሮሮዬ ላይ። ካልኩት ኮቴሽ የት ሄደ ይለኛል፣ ወንድሜን ያውቅብኛል ብዬ... ዋጥኩት። አንዲት ቃል ናት። አንዲት።"

ከዚያ በኋላ ያለው የሚገመት ነው። ጮኸች፤ ጫማውን አውልቃ ሸሸገች፤ ባዶ እግሯን ሮጠች። ወንድሟ ሲታሰር ሁለተኛ ዝም አለች፤ ይኸኛው ዝምታ ከመጀመሪያው ይከብድ ነበር፤ አስባ ነው የዋጠችው። ይህንንም ራሷ ናት የነገረችኝ፤ እኔ አልጠየቅኳትም።

ወንድምየው በዚያው ቀን ተለቀቀ። የያዙበትን ዕቃ ሲመልሱለት ይቅርታ ጠየቅሁት። "እኔም ዝም ብያለሁ" አለኝ፤ ሌላ አልተናገረም።

*

መዝገቡን ልዘጋው እችል ነበር። ሳጅኑ "አደጋ" ብሎ ጽፎ ብዕሩን ከድኗል፤ ስለ ሐሰት ቃሏ የሚወሰነውም የአለቃዬ ጉዳይ ነው። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ እኔ ሥሩ ላይ አልደረስኩም። መኪናው ቆሟል፣ ሽማግሌው በሕይወት አሉ፣ ታዲያ ለምን አልተጣሩም? ደረጃው ላይ ሰው እንዳለ ሰምተው ከሆነ፣ ለነፋስ እንኳ "ማነህ?" የሚሉት ሰው ለሌባ ለምን ዝም አሉ?

ጃንጥላውን ይዤ ጋሽ ትኬት ዘንድ ሄድኩ። በሩን ከፍተው እጄን ሲያዩ ዓይናቸው ውሃ ሞላ።

"የርስዎ ነው" አልኳቸው።

"የኔ ነው።"

"እንዴት እሳቸው ጋ ሄደ?"

"አደራ አለብኝ፣ ልጄ።"

"አደራውን የሰጠው ሰው ሞቷል። የተሰጠባት ግን አባቴ ፈርቶኝ ሞተ እያለች ነው።"

ተቀመጡ። የዳማው ሰሌዳ ጠጠሮቹ እንደተደረደሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"ያውቅ ነበር" አሉ። "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። አንድ ቀን እየተጫወትን መኪናዋ ስትቆም ሊጣራ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ እጁን አነሣብኝ። 'ዝም በል፣ ልጄ እየወጣች ነው' አለኝ። 'ኮቴ አልሰማሁም' ስለው ሳቀብኝ። 'ኮቴዋን ብታጠፋ ሽታውን የት ታደርገዋለች? አዲስ ጎማ እኮ ነው። ያ ሽታ ሱቄን ያዘጋው ነው፣ እንዴት አላውቀው' አለ። ወንድሟ እንደሠራላትም፣ እሱን ልታይ እንደምትወጣም አውቋል።"

"ታዲያ ለምን ልጁን ግባ አላሉትም?"

"ብዬዋለሁ። 'አፌ አልታዘዝ አለኝ' አለ። 'በጥፊ ያባረርኩትን በምን ቃል ልጥራው? እነሱ ይገናኙ፣ እኔ እንደማላውቅ እሆናለሁ። እንዳትነግራት፤ ካወቀች እኔን አፍራ መውጣቷን ትተዋለች።' በወጣች ቁጥር እዚያ ወንበሩ ላይ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል፣ እስክትመለስ።"

"ያን ዕለትስ?"

"ዝናቡ ሲጀምር በረንዳ ወጥቶ ጠራኝ። 'ጃንጥላህ ትልቅ ነው፣ ለሁለት ይበቃል፣ አውሰኝ' አለ። በረንዳ ለበረንዳ አቀበልኩት። 'የታችኛው በር እጀታ ላይ ሰቅዬው እመለሳለሁ፤ ሲያገኙት የረሳ ሰው ይመስላቸዋል' አለኝ።" ጋሽ ትኬት ጃንጥላውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። "ልውረድልህ አላልኩትም፣ ልጄ። ኳሱ ጀምሮ ነበር።"

*

ወደ ሟቹ ቤት ስገባ እህትና ወንድም ላይኛው ክፍል ተቀምጠዋል። እሱ እግሩ ላይ ከቁም ሳጥን የወጣ አሮጌ የቆዳ ጫማ አለ፤ ታኮው ላይ አንድ ብረት። ጠቦታል፤ አላወለቀውም።

ልንገር ወይስ ልተው እያልኩ ደረጃው ላይ ቆሜ እንደነበር አልደብቅም። ብነግራት ከፍርሃቱ ትድናለች፣ በፍቅሩ ትቆስላለች። ባልነግራት ደግሞ በዚያ ቤት አንድ ተጨማሪ ሰው ዝም አለ ማለት ነው። በዚያ ቤት ዝም ያለ ሰው በቅቶ ነበር።

ነገርኳት። ስለ ጎማው ሽታ፣ መኪናው ሲቆም ስለማይጣሩት አባት፣ ለሁለት ስለሚበቃው ጃንጥላ። ወንድሟ መሀል ላይ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። አንድ ብረት የተመታበት ጫማው ቋ ብሎ ቆመ።

"አባትሽ አየር ሲስቡ አሸተቱሽ" አልኳት። "አንቺ መሆንሽን አውቀዋል። ሌባ ቢመስላቸው ማነህ ይሉ ነበር። መደገፊያውን የለቀቁት ፈርተው አይደለም። ግድግዳው በኩል እንዳለሽ ገብቷቸው፣ እንዳይነኩሽ፣ እንዳወቁብሽ እንዳይታወቅ፣ መንገድ ሊለቁልሽ ነው።"

ጉልበቷን ታይ ነበር። እንባም አልወጣትም።

"እሱ እንዳላፍር ብሎ ዝም አለ" አለች በመጨረሻ። "እኔ እንዳያውቅ ብዬ ዝም አልኩ።" ቀና ብላ አየችኝ። "አንዳችን አንዲት ቃል ብንናገር ኖሮ በሕይወት ነበር። አይደል፣ ኢንስፔክተር?"

ሥራዬ እውነቱን ማግኘት ነው፤ አግኝቼዋለሁ። የጠየቀችኝም እውነት ነበር። አዎ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ኮፍያዬን አንሥቼ "በርቱ" ብያቸው ወጣሁ።

ደረጃው ላይ ስደርስ ከኋላዬ ሁለቱም ጸጥ ብለው መሄዴን እንደሚጠብቁ ተሰማኝ። ቢያንስ ስወርድ ይስሙኝ ብዬ እግሬን እያነሣሁ እርከን እርከኑን ረገጥኩት፣ የታመመው ጣቴ እስኪነድ ድረስ። ግርጌው ጋ ደረስኩ። የጎማ ጫማ ነው፤ ምንም ድምፅ አላወጣም።